አያቴ ያነበበችው ወጋየሁን ነው

አያቴ ፊደል አታውቅም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጥቂት ሳምንት ተመላልሳ፣ «ልጅ አዝሎ የሚማር ሰው ትርፉ እንቅልፍ ነው» ብላ ተወችው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። አንድ ክረምት መጽሐፉን ይዤ ሄድኩና ጮክ ብዬ ላነብላት ሞከርኩ። ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡበት ቦታ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ተው ልጄ፣ ፊታውራሪ እንዲህ አይናገሩም።»

ገጹን አዙሬ አሳየኋት። የተጻፈው እኮ ይሄው ነው አልኳት።

«ቃሉንማ ብለኸዋል። ሰውየውን ነው ያላልከው።»

ሰውየውን ያለላት ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ መንግሥቱ ለማና ተስፋዬ ገሠሠ የአማርኛን ዘመናዊ ቴአትር ባቆሙበት ዘመን ያደገ ተዋናይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ከዚያ በኋላ ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ ተሻገረ። አሁን ሚኒባስ ውስጥ በኢርፎን የሚሰማው ልጅ ምናልባት ተራኪው ተዋናይ እንደነበረ እንኳን አያውቅም።

ስለ ወጋየሁ ሲወራ ሁልጊዜ የሚባለው «ድምፁ ግሩም ነበር» ነው። አድናቆት ይመስላል፤ ለእኔ ግን ሥራውን ማሳነስ ነው። ግሩም ድምፅ ያለው ዜና አንባቢ ሞልቷል፤ ከእነሱ ማንም አያቴ ቤት ገብቶ አርባ ዓመት አልተቀመጠም። ወጋየሁ የሠራው ሥራ ሌላ ነው። መጽሐፉን ተርጉሞታል፤ ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

ነገሩን ከፊደላችን እንጀምር። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ይመታል» ብለን ስንጽፍ ሰውየው መቺ ይሁን ተመቺ ከወረቀቱ ላይ አይታወቅም። ድምፃችንን ሳናወጣ ስናነብ ዓይናችን አልፎት ይሄዳል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን መወሰን አለበት። የጌታና የጭሰኛ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ማን መቺ፣ ማን ተመቺ እንደሆነ መወሰን ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ የአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ሐረግ በሐረግ ላይ ይደርባሉ። እኔ ለአያቴ ሳነብ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ግሡ ጋ የደረስኩት ሞቼ ነው። ወጋየሁ ግን ሲጀምር መጨረሻውን ያውቀዋል። የት እንደሚያርፍ፣ የቱን ሐረግ እንደ ቀላል ነገር እንደሚያሳልፈው፣ ለየትኛው ቃል ትንፋሽ እንደሚቆጥብ አስቀድሞ ወስኗል። በመድረክ ቃለ ተውኔት ያደገ ሰው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

መድረክ ላይ ተዋናይ ብዙ ረዳት አለው፤ ልብስ፣ መብራት፣ የሚመልስለት ባልደረባ፣ የሚስቅ ተመልካች። ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ ሁሉ ይቀራል። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ። ቴአትር ቤት የኋላው ወንበር ድረስ መድረስ የለመደ ድምፅ፣ ማይክ ፊት ሲቀመጥ ለአንድ ጆሮ መናገር አለበት። ብዙ የመድረክ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል፤ ማይኩን እንደ አዳራሽ ይጮህበታል። ወጋየሁ ሁለቱንም ይዞ ነው የገባው። ተራኪው ሲናገር አጠገባችን ተቀምጦ የሚያወጋ ጎረቤት ነው። ፊታውራሪ ሲናገሩ ግን ያ አዳራሽ ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም ፊታውራሪ ራሳቸው ሁልጊዜ ተመልካች ፊት የቆሙ ሰው ናቸው። ሹመታቸው፣ ዘራቸው፣ ቁጣቸው ሁሉ የሚታይ ትዕይንት ነው። አያቴ «ሰውየውን አላልከውም» ያለችኝ ይሄንን ይመስለኛል።

እስካሁን አሞገስኩት። አሁን ግን አንድ የማይመቸኝን ነገር ልናገር።

ወጋየሁ መጽሐፉን ሲከፍትልን አንድ በር ዘግቷል። ልቦለዱ በቅርብ ዓመታት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲመጣ፣ እኛ ቤት ተዋናዮቹን ያየናቸው በጆሯችን ነበር። «ጉዱ ካሣ እንዲህ አይደለም» ሲባል መለኪያው መጽሐፉ አልነበረም። ተዋናዮቹ የሚፎካከሩት ከሐዲስ ገጸ ባሕርያት ጋር ሳይሆን ከአንድ የሞተ ሰው ድምፅ ጋር ሆነ። ይሄ ለእነሱም ለልቦለዱም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። ጉዱ ካሣ ያለበትን ምዕራፍ ትረካውን አጥፍቼ ለብቻዬ በዝምታ አነበብኩት። ያ ሰው ወረቀቱ ላይ በጣም ብቸኛ ነው። የገዛ ዘመዶቹ ያበደ የሚሉት፣ ሥርዓቱ እንደሚፈርስ ቀድሞ ያየ። በወጋየሁ ድምፅ ስሰማው ግን ብቸኛ ሆኖ አያውቅም፤ ሽሙጡ ሲመጣ እስቃለሁ፣ አያቴም ትስቃለች፣ ቤቱ በሙሉ ከጉዱ ካሣ ጎን ይሰለፋል። ፊታውራሪም እንደዚያው ናቸው። ትረካው ውስጥ በጣም ከመጣፈጣቸው የተነሳ፣ ገበሬዎቹ ለምን እንዳመፁባቸው የምረሳበት ጊዜ አለ። ጭቆና በጥሩ ተዋናይ ሲነገር ይጣፍጣል። ይሄ የወጋየሁ ጥፋት ነው ልል አልችልም፤ ከሰማሁት በኋላ መጽሐፉን ያልገለጥኩት እኔ ነኝ።

ግን እስቲ ገልብጠን እናስበው። አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት አገር፣ የአማርኛ ትልቁ ልቦለድ ለሚያነበው ጥቂት ሰው ብቻ ሊቀር ይችል ነበር። የጭሰኛ ታሪክ ጭሰኛ የነበረው ሰው ሳይሰማው። አያቴ ስለ መሬትና ስለ ጌታ ታሪክ የራሷ አስተያየት ያላት፣ ከእኔ ጋር የምትከራከረው፣ ገጸ ባሕርይ ተሳስቷል ብላ እጇን የምታነሳው አንድ ተዋናይ ስላነበበላት ነው። የዘጋው በር አለ ብያለሁ፤ እሷ ግን ያለ እሱ በሩ ጋ አትደርስም ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የመድረክ ተዋናይን እየመዘንኩ ያለሁት በሬዲዮ ሥራው ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ወጋየሁን መድረክ ላይ አላየውም፤ እንዴት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ፣ ሌላው ሲናገር እንዴት እንደሚያዳምጥ አናውቅም። ቴአትር መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። የሚተርፈው ያየው ሰው ትዝታ ነው፤ ያየውም ሰው እያረጀ ነው። ከዚያ ትውልድ ተዋናዮች ብዙዎቹ እንደ ወጋየሁ እንኳን ዕድለኛ አልነበሩም፤ የሚሰማ ድምፅ አልተረፈላቸውም።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ በዚያ ዘመን ቴአትር ይገባ የነበረ አባት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካለ፣ በዚህ ሳምንት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። «ጥሩ ነበር» ካላችሁ አትልቀቁት። ምን ለብሶ ነበር፣ ሲገባ አዳራሹ ምን አለ፣ የቱ ጋ ነው ያለቀሳችሁት በሉት። ስልካችሁን ሪከርድ ላይ አድርጉና አጠገቡ አስቀምጡት።

አያቴን እኔም ጠየቅኳት። ቴአትር ቤት ገብታ አታውቅም። «ወጋየሁን ግን አይቼዋለሁ» አለችኝ። የት አልኳት። ሬዲዮኑ ይቀመጥበት ወደነበረው መደርደሪያ በአገጯ አመለከተችኝ።