ለዲያቶም አየር ይበቃዋል

አንድ የዲላ የባዮሎጂ ተማሪ ቤቴ መጥቶ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ፎቶ አየና «ጋሼ፣ ቀለሙን በየትኛው አፕ ነው ያስገቡት?» ሲል ጠየቀኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ፕሉሮሲግማ የምትባል የባሕር ዲያቶም፣ በማይክሮስኮፕ የምትታይ የውሃ ፍጥረት ናት። ወገቧ በቀስታ ጠመም ያለ፣ መሐሏ ሰማያዊ፣ ጫፍና ጫፏ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። አፕ አልነካትም፤ ማቅለሚያም አልጨመርኩባትም። ቀለሙን ያወጣው አየር ነው ስለው «አየር ቀለም አለው እንዴ?» ብሎ ፈገግ አለ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ስለነበረ ቀሪውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ናሙና አሰባሰብን፣ በፐሮክሳይድ ይጽዳ ወይስ በበረኪና የሚለውን ክርክር፣ የማይክሮስኮፕ አያያዝን እዘላለሁ። በዚህ ሥራ እጁን ያሟሸ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምከራከረው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የጸዳው ዲያቶም በስላይዱና በመሸፈኛው መስታወት መካከል ምን ውስጥ ይቀመጥ?

የዲያቶም ቅርፊት ሲሊካ ነው፤ ራሱ መስታወት ማለት ነው። ብርሃንን የማጠፍ መጠኑ 1.43 ገደማ ይሆናል። የውሃ 1.33፣ ከጥንት ጀምሮ ስላይድ የሚሠራበት የካናዳ ባልሳም ደግሞ ወደ 1.53 ነው። ሁለቱም ከቅርፊቱ የሚለዩት በ0.1 ያህል ስለሆነ ውስጣቸው የገባ ዲያቶም ይደበዝዛል። ይህን ያዩ ባለሙያዎች ናፍራክስን የመሳሰሉ ሬዚኖች አመጡ፤ የእነሱ መጠን 1.7 ስለሚጠጋ ልዩነቱ ከሩብ በላይ ከፍ አለ። ደግ አደረጉ። የአየር መጠን ግን 1 ነው፤ ልዩነቱ 0.43 ይደርሳል። ከሬዚኑ ይበልጣል፣ ከውጭ አገር አይታዘዝም፣ አይሸትም፣ ዋጋም የለውም።

ቀለሙም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፕሉሮሲግማ አንጉላቱም በምትባለው ዝርያ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከረድፍ ረድፍ ያለው ርቀት ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ነው። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመትም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ብርሃን በሰያፍ ሲመታቸው ረድፎቹ እያንዳንዱን ቀለም በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ወደ ሌንሱ የሚገባው ሰማያዊው ከሆነ ዲያቶሟ ሰማያዊ ትሆናለች፤ መብራቱን ጥቂት ዘወር ቢያደርጉት ያችው ራሷ ቢጫ ትሆናለች። ቀዳዳዎቹ በሬዚን ከተሞሉ ግን ቀለሙ ይደክማል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የማይክሮስኮፕ ሰዎች የሌንስ ብቃት የሚፈትኑባት ዲያቶም ይህችው ነበረች። ኤርነስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ቢሰላ፣ ጎኑ ላይ 0.65 የተጻፈበት ተራ የ40 ጊዜ ኦብጀክቲቭ ረድፎቿን ለይቶ ለማሳየት ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ያለው እኮ ይኸው ኦብጀክቲቭ ነው።

አየርን የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኞቹ ጠብታውን ያለ ቦታው ያደረቁ ናቸው። ዲያቶሙ መድረቅ ያለበት መሸፈኛው መስታወት ላይ እንጂ ስላይዱ ላይ አይደለም። ኦብጀክቲቭ የሚሠራው የሚታየው ነገር 0.17 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው መስታወት ሥር ተጣብቆ እንዳለ ታስቦ ነው። ዲያቶሙ ታች ስላይዱ ላይ ቀርቶ በመካከል አየር ከገባ ምስሉ ይሟሽሻል። ጠብታው ሲደርቅ መስታወቱን ሞቅ አድርጎ እርጥበቱን ማስወጣት፣ ከዚያ ገልብጦ ስላይዱ ላይ ማሳረፍ፣ ዳር ዳሩን በጥፍር ቀለም መዝጋት ነው። ዲላ በሚያዝያ ዝናብ ሳያሞቁ የዘጉት ስላይድ በማግስቱ ከውስጥ ያልበዋል። የጥፍር ቀለሙም ቆየት ብሎ የወፈረው ይሁን፤ ቀጭኑ ሰርጎ ገብቶ ዲያቶሞቹን ያጥለቀልቃቸዋል።

ያቺ የግድግዳዬ ፕሉሮሲግማ የመጣችው ከጅቡቲ ነው። ጎረቤቴ ቡና ወደ ወደብ የሚያደርስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚቀረውን ቡናማ ስስ ሽፋን በማንኪያ ጠርጎ በሃይላንድ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። «ሰው ከጅቡቲ ሽቶ ያስመጣል፤ አንተ ጭቃ!» ብሎ ሲስቅብኝ ከርሞ አመጣው። መንገዱ ረጅም፣ ጋቢናው እሳት ነውና ዲላ ሲደርስ ጭቃው በስብሶ ነበር፤ ክዳኑን ስከፍተው ቤቱ ተበከለ፣ ባለቤቴም ከነጠርሙሴ ወደ ጓሮ አስወጣችኝ። ሕዋሱ ቢበሰብስም ቅርፊቱ ግን ሲሊካ ነውና ምንም አልሆነም። ዛሬ ሹፌሩ ሳልጠይቀው ያመጣልኛል፤ ረዳቱም ፎቶውን ስልኩ ላይ ይዞ «ይቺን ያመጣኋት እኔ ነኝ» እያለ ያሳያል።

የባሕር ናሙና በአየር ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ጣጣ አለው፤ ጨው። የጨው ብርሃን የማጠፍ መጠን 1.54 ገደማ ስለሆነ ባልሳም ውስጥ ቢቀር ዓይን አያየውም። በአየር ግን እያንዳንዱ ቅንጣት አራት ማዕዘን ሆኖ ዲያቶሙ ላይ ጉብ ይላል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ እስኪዘቅጥ መጠበቅ፣ ላዩን መድፋት፣ እንደገና ማጠብ ያስፈልጋል። እኔ በዝናብ ውሃ ነው የማጥበው፤ ዲላ በዚህ አይታማም። ባልሳም የሰነፍን እጥበት ይሸፍናል፤ አየር ያጋልጣል። ለዚህም ነው የምወደው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ በዚህ ሁሉ አይስማማም። እሱ ዲያቶሙን በሬዚን ያስቀምጣል፣ ትኩረቱን ከላይ ወደ ታች እየቀያየረ ብዙ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ በሶፍትዌር አዋሕዶ አንድ ያደርገዋል። ስንገናኝ «አንተ የአያቶችህን ሥራ ነው የምትሠራው» ይለኛል። ሁለት ነገር ይነቅፋል። አንደኛ፣ አየር ወፍራሞቹን ያጠቁራቸዋል። እውነቱን ነው፤ ሦስት ማዕዘኗ ትራይሴራቲየም በአየር ውስጥ ጥላሸት ትመስላለች። ስለዚህ እኔ እሷን አላነሳም፤ ለእሱ ትቼለታለሁ። ሁለተኛ፣ ከኮንደንሰሩ በጣም ዘንበል ብሎ የሚመጣው ብርሃን የአየሩን ክፍተት ስለማይሻገር የዘይት ኦብጀክቲቭ ሙሉ ኃይሉን አያገኝም። ይህም እውነት ነው። እኔ ግን ልዩነቱን የሚያስፈልገኝ ያህል አግኝቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው የካታሎግ ፉክክር ነው። የእሱ የተዋሐደ ፎቶ ከላይ እስከ ታች ጥርት ይላል፤ ጉብታውና ስርጉዱ ግን ጠፍቶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሬዚን ቦታ የለውም አልልም። አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቀበናንና የአቃቂን ወንዞች ብክለት በዲያቶምና በውሃ ውስጥ ነፍሳት እያነጻጸሩ መዝነዋል። ፍራንሷዝ ጋስም የምሥራቅ አፍሪካን ዲያቶሞች በ1986 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አዘጋጅታ አውጥታለች። እንዲህ ላለው ቆጠራና ስያሜ ለዓመታት የማይለወጥ ስላይድ ያስፈልጋል፤ ሬዚን ይሁን። ለፎቶ ግን አየር።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዶች የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ሊያዩ ይመጣሉ፤ እኔ ዲያቶም ፍለጋ በጥርስ ብሩሽ የጅረት ድንጋይ እፍቃለሁ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በቡና ማጠቢያ ሥራ ነው። ከአንድ ማጠቢያ በላይና በታች ካሉ ድንጋዮች ፍቄ ሁለት ፎቶ አነሳሁ። ከላይ ያለው የተለያየ መልክ የሞላበት ነው። በኅዳር፣ ቡናው በሚታጠብበት ወቅት ከታች የተወሰደው ላይ ግን ኒትሽያ ፓሌያ የምትባለው፣ ቆሻሻ ውሃ በመቻል የታወቀችው ቀጭን ዲያቶም ብቻዋን ነግሣበታለች። አባቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ብዙ ካየ በኋላ በጌዴኡፋ «ታዲያ ይኼ መስታወት የሚሠራ ፍጥረት እኛ የምንደፋውን ነው የሚጠጣው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስከ ማታ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም፤ የልጣጩ ስኳር ሲብላላ የውሃውን ኦክስጅን እንዴት እንደሚጨርሰው፣ ጉድጓድ ቢቆፈር ምን ያህል እንደሚይዝ። አባትና ልጅ ስለ ሥራው እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ያዝንልኛል፤ የባሕር ዲያቶም ፎቶ አንሺ ያለ ባሕር ምን ይሠራል ይላል። እኔ ግን የጅቡቲን ጭቃና የዲላን ጅረት በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቻለሁ። ማይክሮስኮፔ ከሥሩ መስታወት ያለው አሮጌ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወደ መስኮት አዞረውና በደመናው ብርሃን ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሰያፍ ብርሃን የተማርኩትም መስታወቱን በጣቴ ገፋ ገፋ በማድረግ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት የሚያስነሳኝ ይኸው ነው፤ ከሰው ጋር የሚያገናኘኝም ይኸው።

እንግዲህ ለተማሪውና ለመሰሎቹ፤ ሬዚን ካልተገኘ ብላችሁ ሥራ አታቁሙ፣ ለፎቶው ብላችሁም ስልክ አትቀይሩ። በደንብ እጠቡ፣ መሸፈኛው ላይ አድርቁ፣ ብርሃኑን ሰያፍ አድርጉ። ከዚያ የተወሰደበትን ቦታና ቀን ስላይዱ ላይ ጻፉ፤ ያልተጻፈበት ስላይድ ቢያምርም ለማንም ማስረጃ አይሆንም።