«ተንሸራተተ» ወይስ «ተለመ»? ስለ ስላሎም ቃላት አማርኛ አተረጓጐም

የቁልቁለት ስኪ ውድድር ወደ አማርኛ ሲመለስ እስካሁን ያገለገለን አንድ ሐረግ ነው፤ ይኸውም «የበረዶ ሸርተቴ» የሚለው ነው። ሐረጉ ለዕለት ዜና አይከፋም። ወደ ዝርዝር ሲገባ ግን ይከዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) በቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረው ዳገቱንም ሜዳውንም በገዛ ጉልበት በሚገፉበት የረጅም ርቀት ስኪ ነበር። (እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት መሆኑ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።) በ2018 በፒዮንግቻንግ ኤርትራን ወክሎ የቀረበው ሻነን አበዳ ግን የተሰለፈው በጃይንት ስላሎም ነው፤ በዚያ ዳገት የለም፣ ያለው ቁልቁለትና እጥፋት ብቻ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ» ናቸው። ስለት ባለው ጫማ በተስተካከለ በረዶ ላይ የሚዞረውም ከዚህ የተለየ ስም የለውም።

ዋናው ጉድለት ያለው ከግሡ ላይ ነው። በአማርኛ የተንሸራተተ ሰው ሚዛኑን የሳተ ሰው ነው፤ ጭቃ አንሸራተተው፣ እግሩ ከዳው እንላለን። ሸርተቴም ቢሆን የልጆች ጨዋታ ነው፤ የሚወርደው ልጅ ተዳፋቱ ወደ መራው ይሄዳል እንጂ መንገዱን አይመርጥም። የጃይንት ስላሎም ጥበብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተወዳዳሪው፣ በወንዶች ውድድር ከመነሻው እስከ መድረሻው ከ250 እስከ 450 ሜትር ዝቅ በሚል ቁልቁለት ላይ፣ በቀይና በሰማያዊ በሮች መካከል ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ዙር የበሮቹ አተካከል ይለወጣል፤ አሸናፊው የሚለየው የሁለቱ ዙር ጊዜ ተደምሮ ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ መቶኛ የሚቈጠር ስለሆነ በየእጥፋቱ ስኪውን ወደ ጎን ያስጎተተ ሰው ይከስራል። ጎበዙ ስኪውን በጠርዙ ያቆመዋል፤ የብረቱ ጠርዝ በረዶውን ሰንጥቆ ይገባና ቀስት የመሰለ ቀጭን መሥመር ትቶ ያልፋል። እንግዲህ ይህን ባለሙያ «ተንሸራታች» ስንለው የጠራነው በጥበቡ ሳይሆን በጥፋቱ ነው።

ነገሩ የቃል ማጥበቅ ብቻ አይደለም። ለ2012–13 የውድድር ዘመን ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ለወንዶች ጃይንት ስላሎም የስኪው የጎን ቅስት ሬዲየስ ከ27 ወደ 35 ሜትር ከፍ እንዲል ደነገገ። ሬዲየሱ ሲረዝም ስኪው ቀጥ ይላል፣ ለማጠፍም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የእጥፋቱን መጀመሪያ በማስጎተት መወጣት ግድ ሆነባቸው። ደንቡን አጥብቆ ሲቃወም የቆየው አሜሪካዊው ቴድ ሊገቲ ግን በአዲሱም ስኪ ከእጥፋቱ መግቢያ ጀምሮ በጠርዙ መሄድ ቻለ፤ በጥቅምት 2012 በኦስትሪያ፣ በሶልደን ከተማ የተደረገውን የመክፈቻ ውድድር በ2.75 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ፤ በ2014ም በሶቺ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ይህን ታሪክ በያዝነው ግሥ እንተርጉመው ብንል «ሌሎቹ ሲንሸራተቱ ሊገቲ ተንሸራቶ አሸነፈ» ከማለት በቀር የምንለው የለንም። አንባቢው ከዚህ ምን ይረዳል?

በእኛ አስተያየት ተስማሚው ግሥ «ተለመ» ነው። ገበሬው የሚያወጣው ትልም መሣሪያው መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ይዞ የሄደበት መሥመር ነው። «ስላሎም» የሚለውም የኖርዌይ ቃል «ስላ» ተዳፋት፣ «ሎም» ደግሞ ስኪ ጥሎት የሚያልፈው ፈለግ ከሚሉት የተገጠመ በመሆኑ ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም። ትልም ዛሬ ውጥን፣ ዕቅድ ማለትም ስለሆነ ያደናግራል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ተወዳዳሪው ከውድድሩ በፊት የበሮቹን አተካከል በዝግታ እያየ እጥፋቱን ሁሉ በልቡ ይወጥናልና፣ ሁለቱ ፍቾች ቢነካኩ ጉዳቱ አይታየንም። «ላይኛውን ክፍል እየተለመ ወረደ፤ ታችኛው ላይ ተንሸራተተ» ቢባል ነገሩ ግልጽ ነው፤ «ተንሸራተተ»ም የቀደመ ፍቹን ሳይለቅ በቦታው ይሠራል።

«ጃይንት»ን «ግዙፍ» ብሎ መመለስ ደግሞ ቃሉን ይዞ ስፖርቱን መልቀቅ ነው። «የግዙፍ ስላሎም ተወዳዳሪ» ሲባል ግዝፈቱ ወደ ሰውየው ይሻገራል። ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ግዙፍ የሚል ቃል መርጠዋል፤ የቃሉ ባለቤቶች ኖርዌጆች ግን «ስቱርስላሎም» ይላሉ፤ «ስቱር» ደግሞ ትልቅ ማለት ብቻ ነው። «ታላቅ» ብንል በአማርኛ የማዕረግ ነገር ይመጣል። የሰፋው በበርና በበር መካከል ያለው ርቀት ነውና «ሰፊ ስላሎም» ይበቃል። ከዚህም የሚሰፋው፣ በ1988 በካልጋሪ ወደ ኦሊምፒክ የገባው «ሱፐር ጂ» ለጊዜው በውሰት ስሙ ቢቆይ እንመርጣለን።

«ስኪ» ራሱ በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ የተፈለጠ እንጨት ማለት ነበር። «ፍልጥ» እንበለው የሚል ቢነሣ ፍቹን አልሳተም፤ ለአንባቢው ግን የማገዶ ገበያ ይታየዋል። ስለዚህ ስኪ ስኪ ሆኖ ይቆይ፤ ባለሙያውም ከዋና ዋናተኛ እንደተባለ ሁሉ «ስኪተኛ» ይባል። ለ«በር» ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ መዝጊያ የሌለውን ማለፊያ በር ማለት ከጣርማ በር ጀምሮ የለመድነው ነው።

የሚያስቸግረው በረዶ ነው። የውድድሩ ተዳፋት ውሃ እየገባበት እንዲጠጥር ይደረጋል፤ አማርኛው ግን ለስላሳውንም፣ ጠጣሩንም፣ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም በአንድ ቃል ስለሚጠራ «በረዶው በረዶ ሆነ» ወደ ማለት እንደርሳለን። ግእዙ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ የሚሉ ቃላት አሉት። ከሐመዳ ጋር የሚዛመደው «አመዳይ» ለለስላሳው፣ «በረዶ» ለጠጣሩ ቢመደብ ተርጓሚው ይቃለልለታል። ሆኖም አመዳይ በብዙ ሰው አፍ ከውርጭ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ቃሉ በመዝገብ ከመስፈሩ በፊት ነገሩን በዓይናቸው ከሚያዩት ከሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች አነጋገሩን ጠይቆ ማጣራት ያስፈልጋል።