የቆርቆሮዋ የጽሕፈት መኪና

እቴቴ ሰልባጅ ነጋዴ ነበረች። መርካቶ ላይ ቦንዳ ሲፈታ እጇን ክምሩ ውስጥ ሰዳ ሱፉን ከናይሎኑ በመዳበስ ብቻ ትለያለች። አንድ ቅዳሜ እጇ ከካፖርቶቹ መሐል የማታውቀው ነገር ላይ አረፈ፤ ቀዝቃዛ፣ ጠርዙ የሰላ፣ ሲነቀንቁት የሚንኳኳ። ማታ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልን። የልጆች የጽሕፈት መኪና ነበረች፤ ከእግር እስከ ራሷ ቆርቆሮ፣ ከሁለት ዳቦ የማትበልጥ።

በ1970ዎቹ አዲስ ከተማ ውስጥ ላደገ ልጅ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ከአንዋር መስጊድ አዛንና ከራጉኤል ደወል ቀጥሎ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊዎች በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው፣ በሁለት ወረቀት መሐል ካርቦን አግብተው የሰው ብሶት ይመታሉ። አዎ፣ ታይፕ ይመታል ነው የሚባለው። እኛ ከኋላቸው ቆመን መስመሩ ሲያልቅ የምትጮኸውን ደወል እንጠብቃለን። መንካትማ ማን ፈቅዶልን! እቴቴ ያመጣችልን እንግዲህ ይህን የተከለከለ ነገር ነበር።

ጥቁርና ቀይ ቀለም ነበራት። ፊት ለፊቷ አራት ረድፍ ቁልፍ ይታያል፤ ጣት ሲያርፍበት ግን ለስላሳ ቆርቆሮ ነው፤ ቁልፎቹ ሥዕል ናቸው። እውነተኛው ሥራ ከላይ ነው። እንደ ሰዓት ገጽ ክብ የሆነ መደወያ ላይ ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። የፈለጉት ፊደል ምልክቱ ጋ እስኪደርስ መደወያውን ያዞሩታል፤ ከዚያ አንዷን መጫኛ ሲጫኑ ከሥር ያለው የጎማ ፊደል ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ቀለሟ ደርቆ ስለነበር ታላቅ ወንድሜ የማኅተም ቀለም ገዝቶ አጠጣት። እናቴ አቦሉን ቀድታ ቶናው እስኪደርስ እኛ አንድ መስመር አንጨርስም።

የእሷ ዓይነት መጫወቻ በጀርመን በኑረምበርግ፣ በአሜሪካም ሉዊስ ማርክስ በ1919 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥዕሉ በጠፍጣፋው ቆርቆሮ ላይ አስቀድሞ ይታተማል፤ ከዚያ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ የአንዱ ጠርዝ ምላስ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ ይቆለመማል። ብዙው ክፍሏ ብየዳም ሚስማርም አያውቅም። ይህን ሳነብ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ትዝ አሉኝ፤ እነሱም የዘይት ጣሳ ቀደው ኩራዝ ሲያበጁ እንዲሁ ነው የሚያያይዙት። ከስድሳ ዓመት በፊት ገደማ ፕላስቲክ እየረከሰ ሲመጣና ጠርዙ የልጅ እጅ ይቆርጣል የሚል ስጋት ሲበረታ የቆርቆሮ መጫወቻ ዘመን አበቃ። የእኔም አውራ ጣት ላይ የእሷ ምልክት አለ፤ እወደዋለሁ።

ችግራችን ፊደል ነበር። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብንመታ ምን ይፈይዳል? እኛ የምንጽፈው ስም እናታችንና እቴቴ የሚያነቡት እንዲሆን ነበር የፈለግነው። ወንድሜ ከአሮጌ የፊደል ገበታ ላይ ፊደላትን በምላጭ ቆርጦ መደወያው ላይ በሊጥ ለጠፈ። ቦታው ሃያ ስድስት ነው፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆናሉ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር? እ እና ቴ ያለ ክርክር ገቡ፤ ለእቴቴ። ጰ እና ፐ ቀሩ። ከሀ፣ ከሐ እና ከኀ አንዱ ይበቃል ተባለ፤ እኔ ለሐመሩ ሐ አለቀስኩለት።

ያን ማታ የተጣላንበት ጉዳይ ከእኛ በፊት ትልልቆቹን እንዳደከመ የተረዳሁት አድጌ ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አባት የሚባሉት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ ብዙ ፊደል፣ ጥቂት ቁልፍ። መፍትሔው የፊደሉን አካልና ቅጥሉን መለየት ሆነ። በአማርኛ ኦሊቬቲ የተመታ የቆየ ደብዳቤ ያለው ሰው አውጥቶ ይመልከት፤ የ«ቡ» ቅጥል ከእናቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። ብዙ ሰው መልኩን ያበላሻል ይላል። ለእኔ ግን ያቺ ክፍተት ያ ሁሉ ፊደል በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ እንዲገባ የተከፈለች ዋጋ ናት፤ አክብሬ ነው የማያት።

የእኛ መፍትሔ ግን አልሠራም። የለጠፍነው መደወያው ላይ ነው፤ የሚመታው ከሥር ያለው ጎማ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የወጣው ያው ላቲን ሆነ። ወንድሜ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ይሁን፣ የምናነበው እኛ ነን» አለ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የሌላ አገር ፊደል እየተመታ በአማርኛ ይነበብ ጀመር። መደወያውን ያየ ሰው ብቻ ፍቺውን ያውቃል። እቴቴ ወረቀቱን ገልብጣ ዘቅዝቃ ታይና «በሉ አንብቡልኝ» ትላለች፤ ስናነብላት እንደ ትልቅ ሰው ደብዳቤ አዳምጣ አጣጥፋ ጉያዋ ትከታለች።

መስከረም ሊጠባ ሲል ቤት ይጸዳል። ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ እናቴ መኪናዋን ከተቀደደ ባልዲና ከሁለት ጠርሙስ ጋር ሰጠችው። ሞላዋ ላልቶ፣ ጎማው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አልፈርድባትም። እኔ ምናለሽ ተራ ሮጥኩ። አንድ አባት መዶሻቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ በአገጫቸው ወደ ክምሩ አመለከቱኝና «ፈልግ» አሉኝ። ሁለት እጆች የተጨባበጡበት ሥዕል ያለበት የእርዳታ ዘይት ጣሳ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የተጨፈለቀ በርሜል። እስኪመሽ ፈለግኩ።

ማመልከቻ ጸሐፊዎቹም አሁን ኮምፒውተር ላይ ናቸው፤ ደወሏ አትሰማም።

እቴቴ ካረፈች በኋላ የዱቤ ደብተሯ መሐል አንድ ወረቀት ተጣጥፎ አገኘን፤ ሐምራዊ ቀለም፣ ሦስት መስመር። ወንድሜን ብጠይቀው አላስታወሰም። ፍቺው ከመደወያው ጋር ሄዷል። ከሦስቱ መስመር የማነበው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ቢ። እቴቴ።