ጀርባው የተደበቀ ንጉሥ

ሳንቲም ሁለት ገጽ አለው። ይህን ለማወቅ ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም። በቅርቡ ያየሁት የአክሱም ሳንቲሞች ስብስብ ግን ነገሩን የዘነጋው ይመስላል። ሳንቲሞቹ በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ላይ፣ ሁሉም አንድ ገጻቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኝተዋል። ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ «የወርቅ ሳንቲም፣ የአክሱም ዘመን» ይልና ያበቃል። የሙዚየሙን ስም አልጠራም፤ ጉድለቱ የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም።

ምን ቀረብን? በዔዛናና ከእርሱ በኋላ በነገሡት ብዙዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ንጉሡ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል። በአንደኛው ገጽ ዘውድ ደፍቷል፤ በሌላኛው ራሱን በሻሽ አስሯል። አፄ ምኒልክን ከሰፊው ባርኔጣቸው ሥር ሻሽ አስረው በፎቶግራፍ ላየ ሰው ይህ ሁለተኛው ገጽ እንግዳ አይሆንበትም። ዘውዱ ለባዕድ፣ ሻሹ ለአገር ልጅ ነው ብዬ ልተረጉመው ይዳዳኛል፤ ሊቃውንት ይፍረዱኝ። እኔ የቆምኩበት ሣጥን ውስጥ የሚታየው ባለ ዘውዱ ብቻ ነው።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኢንዱቢስ ሳንቲም ማስመታት ሲጀምር ጽሑፉ ግሪክኛ ነበር። ወርቁ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ግሪክኛ ሲናገር ኖረ፤ በወርቅ ላይ በግዕዝ የጻፈ ንጉሥ ዋዜባ ብቻ ነው። በብርና በመዳብ ላይ ግን ግዕዝ እያደር ቦታውን ያዘ። ምክንያቱ ብዙም አይሰወርም፤ ወርቁ ባሕር ተሻጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የመን ውስጥ አል-ማድሃሪባ በተባለ ስፍራ 868 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከ326 የሮም ወርቆች ጋር አንድ ላይ ተገኝተዋል። ደስ የሚለኝ ግን ግሪክኛው ራሱ የአገር ቤት ጠረን አለማጣቱ ነው፤ በዔዛና ወርቅ ላይ «ብእሲ» የሚለው የግዕዝ ቃል በግሪክ ፊደል ሰፍሯል። ይህን የሚናገር አንድ መሥመር እንኳ ከሣጥኑ አጠገብ የለም።

ይበልጥ የቆጨኝ መዳቡ ነው። አገሪቱ ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ ስሙን ሳይጠራ «ንጉሥ» ብቻ እያለ ያስመታ ገዥ አለ። በእነዚያ ሳንቲሞች ጀርባ፣ በመስቀሉ ዙሪያ የተጻፈው ግሪክኛ ሲተረጎም «ይህ አገሪቱን ደስ ያሰኛት» ማለት ነው። ይታያችሁ፤ ስሙን ያልጠራው ንጉሥ አገሪቱን ደስ ይበልሽ ይላታል! ቃሉ ያለው በመስቀሉ ገጽ ነው፤ የመስቀሉ ገጽ ደግሞ ጨርቁን ታቅፎ ተኝቷል።

ሌላው የወርቅ ቅቡ ነው። የአክሱም አንጥረኞች በብርና በመዳብ ሳንቲም ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ስስ ወርቅ ያሳርፉ ነበር። በጥንቱ ዓለም የሳንቲም ሥራ ይህን የመሰለ እምብዛም አይገኝም። እያንዳንዷን በእጅ መለበጥ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አስቡት፤ ያውም ለገበያ መዳብ! ከላይ የተሰቀለው ደብዛዛ አምፖል ግን ወርቁንም ዝገቱንም አንድ ዓይነት ቡናማ አድርጎታል።

ከዔዛና የቀድሞ ሳንቲሞች አናት ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፤ በኋለኞቹ መስቀል ተተክቷል። የአንድ አገር እምነት ሲለወጥ በጥፍር በምታክል ብረት ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። በሣጥኑ ውስጥ ግን አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ነው።

ኃላፊዎቹ የጥበቃንና የበጀትን ጉዳይ ማንሣታቸው አይቀርም፤ ወርቅ ነውና ስጋታቸው ይገባኛል። የምጠይቀው ግን ሣጥኑ ይከፈት አይደለም። ከሳንቲሞቹ ሥር ጨርቁ ተነሥቶ መስታወት ይግባ፤ ከላይ አጉሊ መነጽር ይንጠልጠል፤ የግሪኩና የግዕዙ ትርጉም በአማርኛ ይጻፍ። በጎበኘሁበት ቀን አንዲት ተማሪ ግንባሯን ከብርጭቆው አስደግፋ «ቲቸር፣ ምን ይላል?» ስትል ሰማሁ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያለውን አነበበላት፦ «የመዳብ ሳንቲም፣ የአክሱም ዘመን።»