ላም አለኝ በሰማይ

እኔ የምለው፣ ይቺ “አንድሮይድ ቦክስ” የምትባል ነገር የሳሎን ጌጥ ሆና ልትቀር ነው እንዴ? ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ከጫማውና ከሽቶው ጋር በሻንጣ ይዟት ይገባል። ቴሌቪዥኑ ሥር ዳንቴል ላይ ትቀመጣለች። እንግዳ ሲመጣ “ኔትፍሊክስ ታሳያለች እኮ!” ይባልላታል። አይታችኋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ስንመርጥም ያው ነን። “ፎርኬ ናት? ሪሞቷ በድምፅ ይታዘዛል?” እንላለን። ስለ ሳጥኗ እንጂ ስለ መስመሩ አንጠይቅም። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው፣ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ ፎርኬ ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። እስቲ ጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ጉንደ ወይን ላይ በሞባይል ዳታ ለሚኖር መምህር የሁለት ሰዓት ፊልም ሂሳብ አስሉለት!

የብሩስ ይሁን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ያኔ “የዓለም ፊልም ሁሉ አለባት” የተባለችው ሳጥን ምን ልታሳይ ኖሯል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ከሰማይ የሚታለበውስ በዲሽ ነው! በ2013 ዓ.ም ኢትዮሳት ሲመጣ ስንቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ በናይልሳት ምክንያት ወደ ምዕራብ ያየ የነበረውን ሳህን ወደ ምሥራቅ አዞረ። መብራት ካለ ይሠራል፤ “ዳታ ሙሉልኝ” አይልም።

ሳጥኗ በራሷ ምንም አላጠፋችም። አስተማማኝ መስመር ባለበት ቤት ልጆች ዩቲዩብ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ ይማሩባታል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሳሎን ለእኛ የሚበጀውን እንዲመርጥልን መፍቀዳችን ነው። አሜሪካ ያለው ልጅ እናቱን ደስ ለማሰኘት ይልካል፤ እናት ደግሞ እንዳይከፋው “ግሩም ናት፣ ተባረክ” ትለዋለች። እሱም ለአክስቱ ሌላ ይገዛል! ከመግዛቱ በፊት “እማዬ፣ ኔትወርኩ እንዴት ነው? መብራቱስ?” ቢላት ምን ነበረበት?

ግዴላችሁም መግዛታችሁ ካልቀረ የፍላሽ መሰኪያ ያላትን ምረጡ። እንደ ዱላ ቀጥ ብለው ቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰኩት አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም። ኔትወርክ ሲጠፋ ፍላሽ ላይ ያለው ድራማና የሠርግ ቪዲዮ አይጠፋም። ዲሹንም አታውርዱት።