የቆመች መኪና

ሮጦ የደከመ መኪናና ቆሞ የተበላሸ መኪና በሽታቸው አይገናኝም። አዲስ አበባ ሙያውን በተማርኩበት ጋራዥ የሚገባው ሁሉ ሮጦ የደከመ ነበር፤ ፒስተኑ የተበላ ላዳ፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ሚኒባስ፣ ባሌስትራው የተሰበረ አይሱዙ። ባለቤቱ አጠገባችን ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለበት። እንግሊዝ አገር መጥቼ የድሮ ስፖርት መኪና ላይ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ተጭኖ የሚመጣልኝ ሌላ ዓይነት ነው። የተነዳው ርቀት ትንሽ፣ ወንበሩ ደህና፣ ሞተሩ ገና ያልደከመ። አንድ ቀን ጋራዥ ገባ፣ በሩ ተዘጋበት፣ ባለቤቱ "በጋ ሲመጣ" እያለ ሰላሳ በጋ አለፈው።

ገዢ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ብዙ ስላልተነዳ ደስ ይለዋል። እኔ የምፈራው እሱኑ ነው። የሮጠ መኪና የት የት እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ የሚፋተገው ቦታ ያልቃል። የቆመው ግን ማንም በማያየው በኩል ነው የሚሄደው። የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ ዘይቱ የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ፣ ጎሚኒው፣ ከውስጥ ያብጣል፣ ቤንዚኑ ወደ ቫርኒሽነት ይለወጣል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ስስ ዝገት ይወጣና የፒስተኑን ፋሻ ይዞ ያስቀረዋል።

በብዛት የሚመጣልኝ ኤምጂቢ ነው። ከኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ አብዛኛው በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄደ። ዋና መሐንዲሱ ሲድ ኤኔቨር በቀድሞው ሞዴል ላይ ከሥር ለብቻው የነበረውን ሻንሲ አስቀረና ሸክሙን ላሜራው ራሱ እንዲችለው አደረገ። ወደዚህ እመለስበታለሁ፤ ብዙ መዘዝ ያለው እዚያ ነው። ሌላው ግን ከቤተሰብ መኪና የተወሰደ ነው። 1798 ሲሲ ባለአራት ሲሊንደር ሞተሩ ኦስቲንና ሞሪስ እየተባሉ መምህርና ሐኪም ሥራ ያመላልሱ ከነበሩት መኪኖች ሞተር ጋር አንድ ዘር ነው። ላዳ ላይ የሠለጠነ እጅ ኮፋኖውን ሲከፍት አይደናገርም።

ይህን ስጽፍ በዋናነት የማስበው አንዲት የ1966 መኪና ነው። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ባልየው መቼ እንዳቆሟት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ክብ የወረቀት ቦሎ ቀለሙ ለቆ 1991 ይላል። የወረቀት ቦሎ ራሱ እንግሊዝ አገር በ2014 ቀርቷል። ሴትዮዋ የጠየቁኝ አጭር ነበር፦ "አዲስ አታድርግልኝ፤ ገበያ ድረስ ትውሰደኝ።"

አዲስ ማድረግ ሌላ፣ ማስነሳት ሌላ። በየጋራዡ ጥግ በካርቶን ተበትነው ካየኋቸው መኪኖች ብዙዎቹ ሲገቡ በትንሽ ሥራ የሚነሱ ነበሩ። ባለቤቱ "ከተነካ አይቀር" ብሎ ሞተሩን አወረደ፣ ወንበሩን ነቀለ፣ ዳሽቦርዱን ፈታ። ከዚያ ልጅ ተወለደ፣ ቤት ተቀየረ፣ የትኛው ቡሎን ከየት እንደወጣ ተረሳ። ኤምጂቢ ላይ ይህ ፈተና ይብሳል፤ ዕቃው ሁሉ ይገኛል። ዊትኒ ያለው ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ከ1988 ጀምሮ በድሮዎቹ የፋብሪካ መሣሪያዎች ሙሉ አካሏን እንደ አዲስ ያመርታል። ገንዘብ ያለው ሰው ከመጀመሪያዋ መኪና ቦሎው ብቻ እስኪቀር ድረስ መቀየር ይችላል። የእኔ መንገድ ጠባብ ነው፤ መቆም ያበላሸውን አስተካክላለሁ፣ መሮጥ ያደከመውን ግን አደጋ ካላመጣ አልነካም።

የምጀምረው ከፍሬን ነው። አብሮኝ የሚሠራ ለንደን ያደገ የሐበሻ ልጅ አለ፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ትዕግሥቱ ገና ነው። መኪናዋ ከጭነቱ እንደወረደች "ጋሼ፣ ባትሪ ሰጥቼ አንዴ ብቻ ልሞክራት?" አለኝ።

"ብትነሳስ በምን ታቆማታለህ?"

በ1966ቱ መኪና የፍሬኑ መስመር አንድ ነው። አንድ ቦታ ላይ ካፈሰሰ ለአራቱም ጎማ የሚተርፍ የለም። ጎሚኒው ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ከውስጥ ካበጠ፣ ፔዳሉን ስትረግጡ በኃይል የተገፋው ዘይት ያልፋል፣ ስትለቁ ግን መመለሻ ያጣል፤ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። ብዙ ሰው ካሊፐሩን ይወቅሳል። አንዱን ጎሚኒ ቆርጬ ለልጁ ሰጠሁትና በቀዳዳው እንዲያይ አልኩት፤ ብርሃን አያሳልፍም። ዋናውን የፍሬን ፓምፕ፣ የጎማ ሲሊንደሮቹን፣ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀየርን፤ የብረት ቱቦውን በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ተካነው። እዚህ ላይ ቆጣቢ አይደለሁም።

መፍቻ ላይ አንድ ነገር ልበል። የእነዚህ መኪኖች ቡሎን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ13 ቁጥር መፍቻ ይገባበታል፣ የያዘም ይመስላል። የዛገ ቡሎን ላይ ስትጫኑት ጥጉን ልጦ ይሽከረከራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የብየዳና የስድብ ነው።

የነዳጅ ታንኩ የሚበሳው ከሥሩ ሳይሆን ከላዩ ነው፤ በታንኩና በዕቃ መጫኛው ወለል መካከል እርጥበት ተኝቶ ይከርማል። ታንኩን ቀየርን፤ በውስጡ የነበረው ፈሳሽ የቀለም ቤት እንጂ የቤንዚን ሽታ አልነበረውም። ኤሌክትሪኩ ፓምፕ ከኋላ ወለሉ ሥር ነው ያለው። ሲቆም በካቻቢቴ እጀታ መታ ማድረግ የድሮ መድኃኒት ነው፤ ይሠራል፣ ግን በማግስቱም ይቆማል፤ ፈትቶ ፑንቲናውን ማጽዳት ይሻላል። ደህና ፓምፕ ቁልፉ ሲከፈት ቶሎ ቶሎ ታክ ታክ ይላል፣ ካርቡሬተሮቹ ሲሞሉ ይዘገያል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ካላለ ወይ ቤንዚን የለም፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ሁለቱን ኤስዩ ካርቡሬተሮች እወዳቸዋለሁ። የላዳ ካርቡሬተር ውስጥ ለዝግታ አንድ፣ ለፍጥነት ሌላ እያለ ብዙ ቀዳዳ አለ። ኤስዩ ውስጥ የቤንዚን ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ወደ ጫፉ የሚቀጥን መርፌ ቆሟል፣ መርፌውን ደግሞ ፒስተን ተሸክሞታል። ሞተሩ አየር በሳበ መጠን ፒስተኑ ይነሳል፣ ቀጭኑ የመርፌ ክፍል ቀዳዳው ላይ ይደርሳል፣ ቤንዚኑ ይጨምራል። ፒስተኑን በጣት አንስታችሁ ስትለቁት ጠቅ ብሎ መውረድ አለበት። የኋለኛው ጠቅ አለ፤ የፊተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ልጁ ብርጭቆ ወረቀት ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ፒስተኑ ቤቱ ውስጥ የሚሄደው በጣም በጠበበ ክፍተት ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አየር ያሳልፋል፣ ሥራውም ያበቃል። ለስላሳ ጨርቅና ማጽጃ ፈሳሽ በቂው ነበር።

ወደ ሞተሩ የምንመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥተን በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ጨመርንና ተውናት። መተውም ሥራ ነው፤ ይህ ለደንበኛ አይገባውም፣ ለተቆመበት ቀን መክፈል አይፈልግም። ዘይቱ ፋሻው ሥር ከገባ በኋላ በአራተኛ ማርሽ አስገብተን ገፋ ስናደርጋት ሞተሩ በእርጋታ ዞረ። ካንዴላ ሳንመልስ በሞተሪኖ አዞርናት፤ የዘይት ግፊት ጌጁ ከዜሮ ተነቅሎ እስኪነሳ ድረስ። ለዓመታት የቆመ የዘይት ፓምፕ ውስጡ ደርቆ ይሆናል፣ ለመሳብ ጊዜ ይፈልጋል። ዘይት ሳይደርሰው እሳት ያገኘ ሞተር ብሮንዚኑን ወዲያው መብላት ይጀምራል፤ "አንዴ ብቻ ልሞክራት" የሚለው ሰው የሚያጠፋው ይህን ነው።

ቫልቭ ማስተካከያው ላይ የምወዳት ብልሃት አለች። ቫልቮቹ ስምንት ናቸው። አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ቁጥሩን ከ9 ቀንሱ፤ የሚወጣው ቁጥር ያለው ቫልቭ ያኔ ይስተካከላል። አንደኛው ሲከፈት ስምንተኛው፣ ሦስተኛው ሲከፈት ስድስተኛው። ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው።

ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ ነበር፤ ይህም የመቆም በሽታ ነው። ኤምጂቢ ላይ ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ ስላለበት ሳልሞክር አልፈታም። ፔዳሉን ወደ ታች ገፍተን በእንጨት ደግፈን አሳደርናት፤ ጠዋት ማርሽ ውስጥ እንዳለች ወደፊትና ወደኋላ ስንንጣት ለቀቀች።

ኤሌክትሪኩ ላይ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከ1967 መጨረሻ በፊት በተሠሩት ላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ዛሬ የሠለጠነ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ኔጋቲቩ ይሄዳል፤ ስለዚህ በትልቁ ጽፌ ኮፋኖው ሥር እለጥፋለሁ። እንግሊዞች የሉካስን ኤሌክትሪክ ዕቃ "የጨለማው ልዑል" እያሉ ይቀልዱበታል። ፍርዱ የከበደ ይመስለኛል፤ እኔ የማገኘው ብልሽት አብዛኛው ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዛገ ማሰሪያ፣ ወይም አንድ ሰው ቴፕ ለማስገባት ብሎ የቀጠለው ሽቦ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ርካሽ ነው። ውዱ ከበሮቹ ሥር ነው ያለው። ኤኔቨር ሻንሲውን ሲያስቀር ሸክሙን በዋናነት የሰጠው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በበሮቹ ሥር ለሚሄደው የላሜራ ሣጥን ነው። መኪናዋ ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ከላይ የሚያግዘው የለም። ከውጭ የምናየው ላሜራ መሸፈኛው ነው፤ ጉልበቱ ያለው ከውስጥ በተደራረቡት ላሜራዎች ላይ ነው። የፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ እዚያ ይገባል፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመጣል። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም የቀባ ሻጭ አጋጥሞኛል፤ ለዚህ ነው ማግኔት ከኪሴ የማይለየው። ሌላው መፈተሻ በሩ ነው። ሁለት ሰው ተቀምጦባት በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚታገል ከሆነ መኪናዋ መሐሏ ላይ እየጎበጠች ነው።

የእኚህ እናት መኪና ግራዋ ደህና ነበር። በቀኝ በኩል ጣቴ ገባ። የውጭውን ላሜራ በግራይንደር ስከፍተው ሣጥኑን ሞልቶ፣ የሣጥኑን ቅርጽ ይዞ የደረቀ አፈር ወጣ፤ ዝገቱ ከአፈሩ ጋር እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ይላጣል። ከመቁረጣችን በፊት የበሩን ክፍት ቦታ ከላይ በብረት ዘንግ በይደን አጽንተነዋል። ይህን የሚዘል በያጅ የጎበጠችውን መኪና እንደጎበጠች ያደርቃታል፤ በሩ ከዚያ ወዲያ አይገጥምም። አዲሱን ላሜራ በበሰበሰው ላይ ደርቦ መበየድም አለ፤ ከውጭ ያምራል፣ ከውስጥ ግን ሸክሙን የሚችል ነገር የለም። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ ወጣ፣ በየንብርብሩ ተተካ፣ ውስጡ ሰም ተረጨበት፣ የውሃ መውጫዎቹ ተከፈቱ። የመኪናዋ ሒሳብ አብዛኛው የዚህ ጎን ነው።

ቀለሟን አልነካናትም። የሾፌሩ ወንበር ስፌቱ የተተረተረ ነው፤ ገበያ ለመሄድ አይከለክልም።

በነዳጅ በኩል፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ብሪታንያ ውስጥ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ለአጠቃላይ ሽያጭ ቀርቷል፤ ያለ እርሳስ የድሮ ቴስታታ ላይ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ መቀመጫ ሊበላ ስለሚችል ክፍተቱን ቶሎ ቶሎ እለካለሁ። ከመስከረም 2021 ወዲህ ደግሞ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ የድሮ የነዳጅ ጎሚኒን ያበላሻል። 5 በመቶ ያለበትን ውዱን እንዲቀዱ ለሴትዮዋ ነግሬያቸዋለሁ። ዋጋውን ሰምተው "ለገበያ ያህል ይሆናል" አሉ። ከ2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ያለፈና ብዙ ያልተለወጡ መኪኖች ዓመታዊ ምርመራ አይገደዱም። እኔ ግን እወስዳቸዋለሁ፤ የሠራሁትን ፍሬን ሌላ ሰው ቢያየው አይከፋኝም።

ኤምጂቢ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሻጩ ሞተር ሲያስነሳላችሁ አትደነቁ። ተንበርክካችሁ የበሩን ሥር እዩ፤ ማግኔት ማስጠጋት ካልፈቀደ ተመለሱ። አገር ቤት ግቢ ውስጥ የአባታችሁ ቮልስ ወይም ፔጆ ሸራ ለብሶ የቆመ ካላችሁም ሥርዓቱ ያው ነው። ባትሪ አትስጡት፣ አትግፉት፤ ካንዴላውን አውጥታችሁ ዘይት ጨምሩለትና ፍሬኑን መጀመሪያ የሚፈታ ሜካኒክ ፈልጉ።