ስለ አትላስ አጥንትና ስለ ፓልመሮች ትምህርት የቀረበ ሒስ

ራሳችን የተቀመጠበት የመጀመሪያው የአንገት አጥንት አትላስ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ሰማይን በትከሻው ተሸክሟል ተብሎ በግሪኮች ተረት ከሚነገርለት ግዙፍ ነው። በአሜሪካ አገር ግን ለዚህች ቀለበት መሳይ አጥንት ከተረቱ የማያንስ ሸክም ያሸከሙ ሰዎች ተነሥተዋል፤ የበሽታ ሁሉ ምንጭ ከእርስዋ ዘንድ ነው እስከ ማለት ደርሰዋልና። ይህን ትምህርት ለመመርመር የተነሣሁት አንገትን ያለ ቀዶ ሕክምና ማዳን ከንቱ ነው ብዬ አይደለም፤ እውነተኛውና ሐሰተኛው ሳይለዩ በአንድ ስም ሲቀርቡ ስለ ተመለከትሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ግዛት በዳቬንፖርት ከተማ ነው። በዚያ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል፥ በመግነጢስ ኃይል እፈውሳለሁ የሚል ሰው ነበር። በሕንጻው ውስጥ የጽዳት ሥራ የሚሠራው ሃርቪ ሊላርድ 17 ዓመት ሙሉ ጆሮው ከብዶት የኖረ ነበርና ፓልመር ምክንያቱን ቢጠይቀው፥ ጎንበስ ብሎ ሲታገል በጀርባው አንድ ነገር ሲላቀቅ እንደ ተሰማውና ወዲያው መስማት እንደ ተሳነው ነገረው። ፓልመርም ጀርባውን ዳስሶ ከቦታው ፈቀቅ ያለ አከርካሪ አገኘሁ አለ፤ ገፍቶም መለሰው፤ ሰውዬውም ሰማ። ይህንኑ በ1910 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ከተረከ በኋላ፥ ከመቶ በሽታ 95ቱ የሚመጣው ከቦታቸው ከለቀቁ አከርካሪዎች ነው ሲል ይወስናል።

እዚህ ላይ አንባቢ የአናቶሚ ደብተሩን ቢገልጥ ይበቃዋል። የመስማት ነርቭ ከውስጠኛው ጆሮ ተነሥቶ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ወደ አንጎል ግንድ ይገባል። ከራስ ቅል አይወጣም፤ ወደ አንገት አይወርድም፤ ወደ ጀርባማ ጭራሽ አይደርስም። የፓልመር ጠበቆች ሌላ መንገድ ያሳያሉ፤ ከላይኛው ጀርባ ተነሥተው በአንገት በኩል ወደ ራስ የሚወጡ፥ የደም ሥሮችን ስፋት የሚቆጣጠሩ ነርቮች አሉ ይላሉ። ነርቮቹ በእርግጥ አሉ። ነገር ግን መንገድ መኖሩ በመንገዱ ሰው መሄዱን አያስረዳም። ሊላርድ ከመገፋቱ በፊት ምን ያህል ይሰማ እንደ ነበር፥ በኋላስ ምን ያህል እንደ ሰማ በመሣሪያ የለካ የለም፤ የተረፈን የሐኪሙና የታካሚው ቃል ነው።

ልጁ ባርትሌት ጆሹዋ ፓልመር ደግሞ ከአባቱ የባሰ ነው። በ1924 የጀርባን ቆዳ ሙቀት ለክቶ በሽታን ያሳያል የተባለ መሣሪያ አውጥቶ ለተማሪዎቹ በውድ ዋጋ አከራየ። በ1930ዎቹም ከአከርካሪዎች ሁሉ መንካት የሚያስፈልገው የላይኛዎቹን ሁለቱን፥ አትላስንና አክሲስን ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። የአባትዬው ተአምር የተፈጸመው በጀርባ ነበር እኮ! ልጁ እውነተኛ ከሆነ የአባቱ ታሪክ ይወድቃል፤ የአባቱ ታሪክ እውነት ከሆነ የልጁ ሕግ ይፈርሳል። በራጅ የምትታየው ጥቂት መዛነፍም ብዙ አታስረዳም። ጤነኛ ሰውም ቢሆን የአትላሱ ግራና ቀኝ ፍጹም እኩል አይደለም፤ ፎቶግራፉ ሲነሣ ራሱን ጥቂት ካዞረም አጥንቱ የተዛነፈ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ሁሉን በአንድነት መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ከላይኛዎቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣው ሕመምና ከፊት የሚመጣው ስሜት በሕብለ ሰረሰር ላይኛ ክፍል በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ስለዚህ የታመመው አንገት ሆኖ ሳለ ግንባር ወይም የዓይን ዙሪያ ሊያም ይችላል። በ2002 በታተመ የአውስትራሊያ ሙከራ እንዲህ ያለ ራስ ምታት የያዛቸው 200 ሰዎች በአራት ክፍል ተደልድለው ነበር፤ በእጅ የታከሙትም፥ የአንገትን ጥልቅ ጡንቻዎች የሚያጠነክር ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩትም ከአንድ ዓመት በኋላ ራስ ምታታቸው ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ የመቶ በሽታ ፈውስ የለም፤ የአንድ ዓይነት ሕመም መቅለል አለ። እኔ የምቀበለው ይህን ነው።

አሳሳቢው የጥንቃቄው ነገር ነው። በአንገት አጥንቶች ቀዳዳዎች ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው የደም ሥር፥ አትላስ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ታጥፎ ነው ወደ ራስ ቅል የሚገባው። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የሚጎተተውም እዚያው ነው። በ2008 የታተመ የካናዳ ጥናት በዚህ ሥር በኩል የአንጎል ምት ያገኛቸው ሰዎች አስቀድመው ወደ አንገት ጠምዛዦች እንደ ሄዱ ሁሉ ወደ ተራ ሐኪሞችም ሄደው እንደ ነበር አሳየ። ጸሐፊዎቹ ሥሩ አስቀድሞ ስለ ተቀደደ፥ ሰዎቹ የሄዱት በሕመሙ ምክንያት ሊሆን ይችላል አሉ። ብዙዎች ይህን እንደ ነጻ ማውጫ ወረቀት ይዘውታል። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል፤ ሥሩ የተቀደደ ሰው «አንገቴን አመመኝ» ብቻ ብሎ የሚመጣ ከሆነ፥ ሳይመረምር የሚጠመዝዝ ምን ሊያደርስበት ነው?

በአገራችንም አንገቱን ያመመው ሰው አስቀድሞ ወደ ወጌሻ መሄዱ የታወቀ ነው። የወጌሻ እጅ ለወለቀ ትከሻ ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን የአንገቱ ሕመም ሌሊት የሚብስ፥ ትኩሳትና መክሳት የተከተለው፥ እጁ የሚደነዝዝ ሰው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሊሆን ይችላል። በሽታው የአክሲስን ጥርስ መሳይ አጥንት የሚይዘውን ጅማት ከበላው አንድ ግፊት ሕብለ ሰረሰርን ይጨፈልቃል። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈልገው ለወራት የሚዋጥ መድኃኒትና አንገቱን ሳያንቀሳቅስ የሚይዝለት ድጋፍ ነው። በ1973 የታተመው የኮሪያ ሙከራ መድኃኒቱ በሚገባ ከተወሰደ የአልጋ ዕረፍትና የጀሶ መታሰር የጨመሩት ጥቅም እንደሌለ አሳይቷል። ያ የተፈተነው ግን በደረትና በወገብ አከርካሪ ነው፤ ለላይኛው አንገት ደጋፊውን እንዲተዉ አያዝዝም።